አንቱ የሌለበት ቋንቋ

ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ቃሉ አንድ ነው፤ «አታ» ይባላል። ይህን የተረዳሁት በ11 ዓመቴ፣ እዚህ እስራኤል በአንድ ጤና ጣቢያ መስኮት ፊት ለአባቴ ሳስተረጉም ነው። ልጅ እግሯ ጸሐፊ «አታ» ስትላቸው፣ እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው «እርስዎ» አደርገው ነበር።

አባቴ በጎንደር ገጠር፣ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሰሎሞን ወደዚህ ሲጓጓዙ፣ እኛም ከእነርሱ ጋር መጣን። ከቤታቸው ዕቃ ያልተለዩት ጭራቸውን ብቻ ነበር። ንግግር የሚጀምሩት በምርቃት ነው። የፈጣሪን ስም ጠርተው፣ የአድማጩን ልጆች «ያሳድግልሽ» ብለው፣ ከዚያ ነው ወደ ሕመማቸው የሚደርሱት። እኔ ግን ከኋላችን የተሰለፈውን ሰው አፍር ነበርና በዕብራይስጥ «ጉልበቱን ያመዋል» ብዬ እጨርሰዋለሁ። ያ ሁሉ ምርቃት እኔው ጋ ቀረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በማታ የትያትር ትምህርት ላይ በይዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ የተጻፈ አንድ ተውኔት በትርጉም አነበብሁ። ያዕቆብ ጎርዲን ከሩሲያ ግዛት ወደ ኒው ዮርክ በተሰደደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ለመድረክ ያበቃው «አይሁዳዊው ንጉሥ ሊር» ነው። ጎርዲን የሼክስፒርን ንጉሥ ወስዶ የቪልና ከተማ ባለጸጋ ነጋዴ አድርጎታል። ሰውዬው በፑሪም፣ በአይሁድ የደስታ በዓል፣ ግብዣ ላይ ሀብቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ያካፍልና እርጅናውን በኢየሩሳሌም ሊያሳልፍ ይነሣል። እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ተመታ። አባቴም ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ በየዓመቱ በስግድ በዓላችን ወደ ተራራ ወጥተው የጸለዩት ወደ ኢየሩሳሌም ነበር።

ታናሺቱ ታይበለ እንደ እኅቶቿ አላሞገሰችውምና ይቆጣታል፤ እርሷም ሕክምና ልትማር ወደ ፒተርስበርግ ትሄዳለች። የቤቱ ሥልጣን በትልቋ ልጅ ባል እጅ ሲገባ አባት በገዛ ቤቱ ይራባል። ዓይኑም ይጠፋል። «ለአይሁዳዊው ንጉሥ ሊር ምጽዋት ስጡ» እያለ ከቤቱ ይወጣል።

የሼክስፒሩ ሊር የሞተች ልጁን ታቅፎ ይሞታል። ጎርዲን ግን አባትየውን አልገደለም፤ ታይበለ ሐኪም ሆና ትገኛለች፣ የአባቷም ዓይን የመዳን ተስፋ ያገኛል። ይህን ፍጻሜ የዋህ ነው ብለው የሚያቃልሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በአዳራሹ የተቀመጡት እናት አባታቸውን ባሕር ማዶ ትተው የመጡ ልብስ ሰፊዎችና ሱቅ ጠባቂዎች ነበሩ። ተውኔቱን አይተው ሲወጡ፣ ለወላጆቻቸው ገንዘብ ሊልኩ ባንክ ይሰለፉ ነበር ይባላል። ለእነዚያ ሰዎች ሊር ቢሞትባቸው ምን ይጠቅማቸው ነበር?

የነጋዴውን ቦታ ይዞ የተጫወተው ያዕቆብ አድለር ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1903 በኒው ዮርክ የብሮድዌይ መድረክ የሼክስፒርን «የቬኒሱ ነጋዴ» ሲሠራ፣ ሌሎቹ ተዋንያን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ እርሱ ብቻ በይዲሽ ይናገር ነበር። አይሁዳዊውን አራጣ አበዳሪ ሻይሎክን ሆኖ። ልጁ ጄሲካ ወርቁን ይዛ የጠፋችበት አባት፣ በዙሪያው ያሉት በማይናገሩት ቋንቋ ልጁን ሲጣራ አስቡት። ይህን ሳውቅ ያ የጤና ጣቢያ መስኮት ፊቴ ድቅን አለ። አባቴ ብቻቸውን በአማርኛ፣ ሌላው ሁሉ በዕብራይስጥ፤ በመካከል እኔ።

አባቴ ክብራቸውን ለማንም አላካፈሉም። እኛም ልጆቻቸው አላስራብናቸውም፣ በር አልዘጋንባቸውም። ሽምግልናቸው ግን ከአውሮፕላን በወረድን ማግስት ከእጃቸው ወጣ። የባንክ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ፣ ፊርማቸው የሚያርፍበትን ቦታ በጣቴ የማሳያቸው እኔ። ልጅ ነበርሁና ይህ ያኮራኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ዕድሜያቸው 80 አልፏል። ስለ ተውኔቱ ልነግራቸው ፈልጌ፣ «አንድ ሀብታም አባት ንብረቱን ለልጆቹ አካፈለ፤ በደሉት፤ ታናሺቱ አዳነችው» አልሁ።

አባቴ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«በሐኪም ቤትም እንዲሁ ነበር የምታደርጊው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «እኔ ብዙ እናገራለሁ፤ አንቺ በሁለት ቃል ትጨርሺዋለሽ። ቋንቋውን ባልሰማ ርዝመቱን እሰማ ነበር፣ ልጄ። አሁን አታሳጥሪብኝ። ሰውዬው ምን አለ?»

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ከፑሪሙ ግብዣ ጀመርሁላቸው።