«አብሽሪ» ብሎ መጻፍ

እዚሁ ደሴ የሰባተኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ተማሪዎቼ 12 እና 13 ዓመታቸው ነው። ድምፃቸው መጎርነን የጀመረ፣ ቁመታቸው በአንድ ክረምት የተመዘዘ፣ ሲስቁም ሲያለቅሱም ልክ የሌላቸው ልጆች ናቸው። በጣም እወዳቸዋለሁ። ሰሞኑን ስለ እነሱና ስለ ስልክ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።

ፊት ለፊት ሲገናኙ እውነተኛ የወሎ ልጆች ናቸው። አንዷ ቤት ለቅሶ ከገባ ተያይዘው ይሄዳሉ። የአንዱ ውጤት ዝቅ ካለ ጓደኛው ትከሻውን አቅፎ «አብሽር» ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ያንኑ ነው። ይህን ከእኛ ከመምህራን አልተማሩትም። ከቡናው፣ ከዱዓው፣ ከጎረቤቱ የቀሰሙት ነው። እነዚሁ ልጆች ማታ ቴሌግራም ሲከፍቱ ግን ይህ ሁሉ ደጅ ይቀራል።

አንዲት ተማሪዬ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ግጥም ስታነብ ፎቶ ተነሳች። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አፏ ተከፍቷል። ፎቶው ስቲከር ሆነ። ከዚያ ወዲያ በክፍሉ ግሩፕ አንድ የሚያስቅ ነገር በተባለ ቁጥር የእሷ ፊት ይላካል። ስድብ አልተጻፈባትም፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚመጣው። ልጅቷ ግን እጅ ማውጣት አቆመች። ስሟን ስጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ሆነ።

ስቲከሩን የሠራውን ልጅ ለብቻው አነጋገርኩት። ክፉ ልጅ አይደለም። «ቲቸር፣ ሁሉም ሲስቅ ነበር እኮ» አለኝ።

«እሷስ?» አልኩት።

«እሷን አላየኋትም።»

እውነቱን ነው። ጆን ሱለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰው ከስክሪን ጀርባ ሲሆን ለምን እንደማይቆጠብ ጽፎ ነበር። ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ የሌላውን ሰው ፊት አለማየት ነው። ቡና ላይ ክፉ ቃል ቢያመልጠን የሰውየው ፊት ሲጠቁር እናያለን፤ ወዲያው «አፉ በለኝ» እንላለን። ስልክ ላይ የሚታየው የሳቀው ሰው ብዛት ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የእኩያ ሳቅ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ልጆች ፎቶ እያሳየ ምን እንደሚያደርጉ ተመልክቷል። ያው ፎቶ ብዙ ላይክ ያለው ሆኖ ሲቀርብላቸው እነሱም ላይክ ማድረጋቸው ይጨምራል። ላይኩ ጥቂት ሲሆን ይቀንሳል። ይህን ሳነብ ያዘንኩትን ያህል ተስፋም አደረግሁ። ልጆቹ እርስ በርስ የሚከተሉ ከሆነ፣ አንዱ ደግ ነገር ሲጀምርም ይከተሉታል ማለት ነው።

ስልክን ማን አስተማራቸው? በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ገና ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ሲመለስ ለጉርምስና ተቃርበው ጠበቁት። በመሃል ቁጭ ብሎ «እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ እንዲህ አይባልም» ያላቸው ሰው የለም። ከዚያ በፊት ደግሞ 2014 ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት ደሴ ሲደርስ አንዳንዶቹ የእናታቸውን እጅ ይዘው በእግር ከከተማ የወጡ ናቸው። ባርባራ ፍሬድሪክሰን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የምትለው ነገር አለ። ፍርሃት የሰውን ሐሳብ ያጠብባል፤ ደስታ፣ ምስጋና፣ ጉጉት ግን ያሰፉታል፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ጉልበትም ያጠራቅማሉ። ብዙ ፍርሃት ላዩ ልጆች ደስታ ትርፍ ነገር ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ አርብ አርብ አንድ ነገር ጀምረናል። እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንቱ ደግ የሠራለትን ሰው ያስባል፣ ለዚያ ሰው አጭር መልእክት ይጽፋል። ስልክ ያለው ማታ በስልክ ይልካል፣ የሌለው በወረቀት ይሰጣል። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት የእናታቸውን ስልክ ነው። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት 221 የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ ነበር። የሚያመሰግኑበትን ነገር እንዲጽፉ የተደረጉት ልጆች በሕይወታቸው ይበልጥ ደስተኞች፣ ስለ ነገም ተስፈኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ሕጋችን አንድ ነው፤ ስለ መልክና ስለ ልብስ ሳይሆን ሰውየው ስላደረገው ነገር መጻፍ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «ጎበዝ ነሽ»፣ «ጀግና ነህ» ብቻ ነበር የሚለው። አሁን እንዲህ ዓይነት ይመጣል፦ «ዝናቡ ሲመጣ ደብተሬን በጃኬትህ ስለሸፈንክልኝ አላህ ይስጥህ።» ሌላኛው፦ «ሒሳቡን ሳትሰለቺ ስላስረዳሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። እደጊ ተመንደጊ።» ምርቃቱን ከአያቱ ነው የወሰደው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የወሎ ምርቃት ቴሌግራም ላይ ገባ።

አንዱ ልጅ «እኔ በዚህ ሳምንት የምጽፍለት የለኝም» አለኝ። «እሺ፣ ይቆይ» አልኩት። የከፋው ልጅ ደስ ብሎኛል ብሎ እንዲጽፍ አልፈልግም። ሲወጣ አብሬው ወጣሁ፣ ስለ ቤቱ ነገረኝ። ያን ቀን ለእሱ የሚያስፈልገው የሚሰማው ሰው ነበር።

ስቲከሩን የሠራው ልጅ ከግሩፑ አጥፍቶታል፣ ሌሎቹንም አጥፉ ብሎ ለምኗል። ግን ማን ስልክ ውስጥ እንደቀረ አይታወቅም። ልጅቷ እስካሁን እጇን አላወጣችም። ስለ ግጥሟ የተጻፉላትን መልእክቶች ግን ለእናቷ እንዳነበበችላት እናቷ ነግራኛለች።

እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለን። ስልክ ቀሙ አልልም። መጀመሪያ የማነሳው የዕድሜን ጉዳይ ነው። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይቀበልም። ከ16 በታች ላለ ደግሞ አካውንቱን ዘግቶ ነው የሚጀምርለት፤ ልጁ ለፈቀደለት ሰው ብቻ ይታያል፣ የግል መልእክትም አይደርሰውም። ልጆቻችን 18 ነኝ ብለው ሲመዘገቡ ይህ ሁሉ ጥበቃ ይነሳል። ወላጆች ዛሬውኑ ገብተው የተጻፈውን የልደት ዓመት እንዲያዩ እጠይቃለሁ። ሌላው፣ ማታ ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ብቻውን ሲስቅ «ምንድነው? እስኪ እኔንም አስቀኝ» በሉት እላቸዋለሁ። ሳይቆጡ፣ አጠገቡ ተቀምጠው። የሳቀው በጓደኛው ፊት ከሆነም «እሷ ብታየው ምን ትል ነበር?» ብለው ይጠይቁት።