«እሱን አንሣልኝ» ስል እኔን አነሣኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። የምመሰክረው ደብረ ብርሃን ላይ ስለገጠመኝ ሥራ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራ የሚበሉበት ሰዎች አሉ።

ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር በእኔ እጅ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በኅዳር ውርጭ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ እስክሪብቶ መያዝ ራሱ ፈተና ነው። ብርዱን እንኳ የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት አለቃዬን ነው።

ሰውየው ሰው ፊት ካልሆነ አይቆጣም። ሾፌሩም ተሸካሚውም ደንበኛውም ባለበት ሙልጭ አድርጎ ይሰድበኛል። ስድቡስ ይሁን። ሲሚንቶ በጠፋበት ሰሞን አንድ መኪና ገባ። የወረደውን ቆጠርኩ፤ ከደረሰኙ ይጎድላል። «ቀሪው ነገ ይመጣል፣ አንቺ ሙሉውን ፈርሚ» አለኝ። ስቶር ውስጥ ስትፈርሙ ዕቃውን ተረክቤያለሁ ማለታችሁ ነው። ነገ ካልመጣ ዕዳው የእናንተ ነው። እኔም የወረደውን ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ጥርሱን ነከሰብኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በላይ በላዩ መጣ። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ለበላይ ባለመታዘዝ»።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ሥላሴን እሳለም ነበር፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የተከሏትን ደብር። ጸሎቴ አጭር ነበር፦ «ይህን ሰው አንሣልኝ»። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ከእናቴ ጋር ጻድቃኔ ማርያም ወርደንም «በሰላም ካወጣሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

ሰውየው አልተነሣም። የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ።

«ቁልፉን አስቀምጪና ውጪ» ሲሉኝ «ሳይቆጠር አልወጣም» አልኩ። ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ያናገረኝ እግዚአብሔር ነው። እያጉረመረሙም ቢሆን ተቆጠረ። ፌሮው በውፍረት በውፍረቱ ተለየ፣ ሚስማሩ በኪሎ ተመዘነ፣ ሁሉም የየዕቃው ገቢና ወጪ ከሚጻፍበት ከቢን ካርዱ ጋር ተመሳከረ። የርክክቡን ቃለ ጉባኤ ሁላችንም ፈረምን። ኮፒዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ የሥራ ልምድ ወረቀት እንኳ ከልክለውኛል። እናቴ «እመቤቴ ያየችልሽ ነገር አለ» ስትለኝ በልቤ ተናደድኩባት። የጸሎት መልስ እንዲህ ነው እንዴ?

ከወራት በኋላ እዚያ ቤት ኦዲት ገባ። ጉድለት ተገኘ። መጋዘኑን ይዘን የነበርን ሁሉ ለምርመራ ተጠራን። ያቺን ኮፒ አወጣሁ። መርማሪው ቀኑን አየ፣ ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ መልሶ ሰጠኝና «አንቺ ሂጂ» አለኝ። በቃ። ጉልበቴ የራደው ግን ውጪ ከወጣሁ በኋላ ነው። ብቆይ ኖሮ ቁልፉ በእጄ ነበር። ስባረር የማርያም መንገድ ሰጥታኝ ኖሯል።

የሥራ ልምዱንም በኋላ አገኘሁት። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነገረችኝ፤ ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህንኑ በማመልከቻ ጽፌ አስገባሁ፤ ሰጡኝ። የተከለከላችሁ ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

ዛሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ስቀጠር ቃለ መጠይቁ ላይ «ያልገባ ዕቃ ፈርሚ ብትባዪስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላው ከደብተር የሚመልሰውን እኔ ከደረሰብኝ መለስኩ። አሁን ዕቃው ሳይቆጠር ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ፣ አይቆረጥም፤ ማንም ቢቆጣ አይቆረጥም። ከሥሬ ያሉት ልጆች ሲያጠፉም በር ዘግቼ ነው የምናገራቸው። ሰው ፊት መሰደብ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ።

ሰውየው ውለታ ዋለልኝ አልልም። በደል በደል ነው። ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያገረሽብኛል። ያም ሆኖ ዛሬ የምበላበትን ሙያ ያጠበቅሁት እሱ ቤት ነው፤ ለዚህ የማመሰግነው ግን እግዚአብሔርን ነው።

ስለቴን ጻድቃኔ ወስጄ አስገባሁ፤ ከጃንጥላው ጋር ጧፍም ይዤ ነበር። የሚቀበለው ዲያቆን ጧፉን ዝም ብሎ ሊያነሣው ሲል «ይቆጠርና ይጻፍ» አልኩት። ቆጠርን። ደረሰኝም ተቀበልኩ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፦

«ለእመቤቴም ካርድ ልታወጪላት ነው?»