ሰዓቱን መጠየቅ፦ የራሴን የምርመራ ስህተት ያረምኩበት መንገድ

በድሬዳዋ የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ስሠራ ካረምኳቸው ስህተቶች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ የራሴው ነው፤ ስሜትና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት ቶሎ ቶሎ የሚናወጥበትን ቦርደርላይን የተባለ የስብዕና መታወክ፣ ስሜት ለቀናትና ለሳምንታት ከፍና ዝቅ ከሚልበት ከባይፖላር ሕመም ሳልለይ ቀርቼ ነበር። ታካሚዋ፣ ማንነቷ እንዳይለይ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፣ የ27 ዓመት ነጋዴ ስትሆን ካርዷ ላይ «ባይፖላር» ተብሎ ተጽፎ ለሦስት ዓመት ቫልፕሮዌት የተባለ ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች። እኔም ወረፋው ኮሪደሩን በሞላበት ቀን «ስሜትሽ ይለዋወጣል?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «በጣም» አለችኝ፤ ያንኑ መድኃኒት ደግሜ አዝዤ ሸኘኋት። ጥያቄው ምንም እንደማይለይ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ማንንም ብጠይቅ አዎ ይለኛልና።

በሦስተኛው ቀጠሮ ክንዷ ላይ የቆዩና አዳዲስ ጠባሳዎችን አየሁ። በመጀመሪያ ሕይወቷን የማጥፋት ሐሳብ እንዳላት በግልጽ ጠየቅኋት፤ ሐሳቡ ሲበረታባት ማን ዘንድ እንደምትሄድም አብረን ተስማማን። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቱን መጠየቅ የጀመርኩት። በተማሪ ደብተር ላይ የየዕለቱን ስሜቷን ከነሰዓቱ እንድትጽፍ ነገርኳትና የአንድ ረቡዕ ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «3 ሰዓት፣ ደህና ነኝ። 5 ሰዓት፣ አልደወለም፤ ሁሉም ይጠላኛል። 7 ሰዓት፣ ደወለ፤ እንደ እሱ ያለ ሰው የለም። ማታ 2 ሰዓት፣ ቶሎ ዘጋብኝ፤ ቁጥሩን አጠፋሁት።»

በባይፖላር ቀለል ያለው የስሜት መጋል፣ ማለትም ሃይፖማኒያ፣ ቢያንስ 4 ቀን፣ ከባዱ ማለትም ማኒያ ደግሞ ሆስፒታል የሚያስገባ ካልሆነ በቀር ቢያንስ አንድ ሳምንት ይዘልቃል፤ ሰውየው ጥቂት ተኝቶም ድካም አይሰማውም። የእሷ ማዕበል ግን በሰዓታት ውስጥ ተነሥቶ የሚበርድ ነበር፤ ከእያንዳንዱም በፊት የቀረ፣ የዘገየ ወይም ፊቱን ያዞረባት ሰው ነበረ።

በዚህ አገር ጫትን ሳይለዩ እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረስ አይቻልም። ምርቃና ወሬ ያበዛል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ሲበርድም ድብርት ጥሎ ይሄዳል፤ ላልጠየቀ ሐኪም ባይፖላር ይመስላል። ስለዚህ በርጫ የገባችባቸውን ቀናት በደብተሩ ላይ እንድታከብባቸው አደረግሁ፤ ማዕበሉ ባልተከበቡት ቀናትም አልቀረም።

በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም ለቦርደርላይን 9 መስፈርቶችን ያስቀምጣል፤ ቢያንስ 5ቱ መሟላት፣ ጠባዩም ከወጣትነት መጀመሪያ አንሥቶ በተለያየ ሁኔታ ውስጥ መታየት አለበት። በፈቃዷ ያነጋገርኳቸው እናቷ ጠበል ያመላለሷት ገና ተማሪ ሳለች እንደሆነ ነገሩኝ። ከመስፈርቶቹ ያስቸገረኝ «ባዶነት ይሰማሻል ወይ» የሚለው ነው፤ ቁርስ አለመብላቷን የጠየቅኋት መስሏት ነበር። በሌላ መንገድ ሳስረዳት ዝም አለችና «ውስጤ ወና ቤት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችንም የምጠይቀው በእሷ ቃል ነው። በመጨረሻ 7 መስፈርቶች ተሟሉ። ባይፖላርና ቦርደርላይን አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ቀናት የዘለቀ የስሜት መጋል ኖሮ እንደሆነ እናቷንም እሷንም ለየብቻ ጠየቅሁ፤ አላገኘሁም።

ስሙን መንገሩ ከምርመራው ይልቅ ከበደኝ። «የስብዕና መታወክ» የሚለው ትርጉም በእኛ ጆሮ ስድብ ነው። የድሬ ሰው አንቱታ አይወድምና «ዶክተር፣ ጠባይሽ ነው እያልከኝ ነው?» ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። ቁስሉ እንደተነካበት ሰው ስሜቷ ቶሎ እንደሚነድና ቀስ ብሎ እንደሚበርድ፣ በተፈጥሮዋና በልጅነት ኑሮዋ ተጣምሮ የመጣ እንጂ ክፋት እንዳልሆነ፣ ብዙዎችም ከዓመታት በኋላ እንደሚሻላቸው ነገርኳት። ደብተሩን አንሥታ የረቡዑን ገጽ እንደገና አነበበችው።

ቫልፕሮዌቱን ቀስ በቀስ ቀነስነው፤ ቦርደርላይንን የሚፈውስ መድኃኒት የለም፣ ይህኛው ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያስጠነቀቃት ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ዋናው ሕክምና በንግግር የሚሰጠው ነው። ለዚህ የተዘጋጀውን ሙሉ ፕሮግራም ማቅረብ ባልችልም በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ተገናኘን። አንድ ጊዜ ስብሰባ ይዞኝ ቀጠሮውን በ40 ደቂቃ አሳለፍኩ፤ ስደርስ በር ላይ ቆማ ደብተሩን ዘረጋችልኝ፤ «4 ሰዓት፣ ዶክተሩም ተወኝ። 4 ተኩል፣ ምናልባት ሥራ ይዞት ይሆናል» ይላል።