ለሆዴ ስመርጥ

ስለ ሆድ ብዙ ሰው አያወራም። ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ሽንት ቤት መግባት ፈተና ይሆንበታል፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሰው መፍትሔውንም የሚፈልገው ለብቻው፣ ማታ ስልኩ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ቅጠሉም፣ ዱቄቱም፣ እንክብሉም ሁሉ «ለምግብ መፈጨት» ይባላል።

የእኔ ሆድ ቶሎ ይቀየማል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ሐኪም ባገኘሁ ቁጥርም እጠይቃለሁ። አሁን አንድ ነገር ላይ ጸንቻለሁ፦ በደፈናው ለሆድ የሚሆን መድኃኒት የለም። ለድርቀት የሚሆን አለ፣ ለማቅለሽለሽ የሚሆን አለ፣ ለቁርጠት የሚሆን አለ። አንዱን የሚያስታግሰው ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

ለምሳሌ ፔፐርሚንት የሚባለውን የናና ዓይነት ቅጠል እንይ። ውስጡ ያለው ሜንቶል የአንጀትን ጡንቻ ያላላል። ጡንቻው ተኮማትሮ ሲቆርጠን ዘይቱ የሚረዳው በዚህ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ አይቢኤስ የሚባለው፣ ሆድ እየቆረጠ ሰገራን የሚያዛባ የአንጀት ችግር ላለባቸው ሰዎች ፔፐርሚንት ሊጠቅም እንደሚችል ጽፏል። ግን ያው ሜንቶል በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን ጡንቻም ያላላዋል። እሱ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ቃር የሚያስቸግረው ሰው ከምግብ በኋላ «ሆዴን ያረጋጋልኛል» ብሎ የሚጠጣው የፔፐርሚንት ሻይ ደረቱን የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ተሸፍኖ የሚሠራ እንክብል አለ። እሱን ማኘክ ሽፋኑን ማበላሸት ነው፤ እንዳለ ይዋጣል።

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ጎበዝ ነው። ጨጓራ የያዘውን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያሳልፍም ያግዛል። ሲበዛ ግን ራሱ ቃር ያመጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእንክብል መልክ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከሁሉም የምወደው ሲሊየምን ነው። ፕላንታጎ ኦቫታ ከሚባል ተክል ዘር የሚገኝ ገለባ ነው፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሩና ጠብቁ። መጀመሪያ ገለባው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ይወፍራል። ከዚያ ማንኪያውን ስታነሡት እንደ አጥሚት የሚዝለገለግ ነገር ተከትሎት ይመጣል። ሆድ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ውሃ ይዞ ስለሚቆይ የደረቀውን ሰገራ ያለሰልሳል፤ የቀጠነውን ደግሞ ያጠጥረዋል። ሁለቱንም በአንድ ባሕርይ መሥራቱ ሁሌም ይገርመኛል።

ግን ሲሊየም ውሃ ይፈልጋል። በትንሽ ውሃ ከወሰዱት ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል፤ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ጭራሽ ባይነካው ይሻላል። በትንሹ ይጀመራል፣ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ አለበለዚያ ሆድ በጋዝ ይወጠራል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱን ቢያንስ በሁለት ሰዓት ቢያራርቅ ጥሩ ነው፤ ዝልግልጉ ነገር መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ሲሊየም የምግብ ምትክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው የተክል ክፍል) እንዲያገኝ የሚመክረው ከምግብ ነው፦ ከአትክልት፣ ከፍራፍሬ፣ ከጥራጥሬና ካልተፈተገ እህል።

ፕሮባዮቲክ ላይ፣ ማለትም ለሆድ ይጠቅማሉ ተብለው በሚወሰዱት ሕያው ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ፣ ቁጥብ ነኝ። ጠርሙሱ ላይ «በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች» ይላል። ጥያቄው የትኞቹ የሚለው ነው፤ አንዱ ዝርያ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም። ለምሳሌ ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ አንቲባዮቲክ የሚያመጣውን ተቅማጥ ለመከላከል ይረዳል። እርሾ ስለሆነ ባክቴሪያ የሚገድለው አንቲባዮቲክ እሱን አይነካውም። ያ የ2021 መመሪያ ግን ለአይቢኤስ ምልክቶች ፕሮባዮቲክን አልመከረም። የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ መጀመር የለበትም። ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ሲሉኝም እንዲሁ የትኛው ብዬ እጠይቃለሁ። ወተት የማይስማማው ሰው የወተትን ስኳር የሚፈጨውን ላክቴዝ ቢወስድ በትክክል የጎደለውን አገኘ ማለት ነው። የምንም ነገር እጥረት የሌለበት ሰው ግን ጥርቅም ኢንዛይም ምን ያደርግለታል?

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ «ዲቶክስ»፣ ሰውነትን ያጸዳል፣ እየተባለ የሚሸጠው ሻይ። ጀርባውን ገልብጣችሁ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ ሰናመኪ ታገኛላችሁ። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ ትልቁን አንጀት ቀስቅሶ ያንቀሳቅሳል። አልፎ አልፎ ለድርቀት ይሠራል፣ አልክድም። ግን ምግብ በአብዛኛው ወደ ሰውነት የሚገባው ትንሹ አንጀት ላይ ነው፤ ሻዩ ሥራውን ሲጀምር ያ አልቋል። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ወጣቶች ለመቅጠን ብለው በየቀኑ ሲጠጡት ሳይ ልቤ ያዝናል። አብሮ የሚወጣው ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ ሲያንስ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

የሰፕልመንት (የምግብ ማሟያ) ማሸጊያ ላይ የተጻፈ ሁሉ ተፈትሾ የተጻፈ ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ሕግ ጀምሮ ሰፕልመንት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ አይጠየቅም። ስለዚህ እኔ የምገዛው አንድ ነገር ብቻ ያለበትን፣ መጠኑም በግልጽ የተጻፈበትን ነው። አሥር ቅጠል ተቀላቅሎ የእያንዳንዱ መጠን ካልተጻፈ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት አዲስ ነገር አብሬ አልጀምርም። ቢሻለኝም ባይሻለኝም በየትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

ሌላው የሚያሳስበኝ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ዓመት ሙሉ በቅጠል የሚያስታግስ ሰው ነው። ባሪ ማርሻል የሚባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ። እሱና የሥራ ባልደረባው ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል የተሸለሙት ባክቴሪያው የጨጓራ ቁስለት እንደሚያመጣ ስላሳዩ ነው። ይህ ባክቴሪያ በምርመራ ይገኛል፣ ሐኪም በሚያዛቸው አንቲባዮቲኮችም ይጠፋል። ዝንጅብል አያጠፋውም።

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ኪሎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሻይ አፍልቶ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። ያን ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱም የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩት፤ ሻዩንም፣ ዱቄቱንም።