አራት አስተማሪዎች፣ አንድ ሰበብ

ፊልሙ የሚጀምረው ሐይቅ ዳር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙሉ ሳጥን ቢራ ተሸክመው በሐይቁ ዙሪያ ይሮጣሉ። ይቆማሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። እኔ መቼም የባሕር ዳር ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ የኛዎቹ ልጆች ጣናን እንዙር ቢሉ ምን ሊውጣቸው ነው የሚለው ነው። ጎርጎራ ሳይደርሱ ስካሩ ለቋቸው፣ እናታቸውን እየጠሩ ነበር የሚገኙት። ባለቤቴን ይህን ብዬ አሳቅሁት። እሱ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት።

«ድሩክ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ «አናዘር ራውንድ» ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዴንማርክ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቶማስ ቪንተርበርግ ሲሆን፣ በ2021 በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አግኝቷል። እኔ ጋ የደረሰው በእህቴ ልጅ ፍላሽ፣ በኮሪያ ድራማ መሀል ተሸጉጦ ነው። «አክስቴ፣ ይሄ እንኳን ስለ አስተማሪ ነው፣ ይሆንሻል» ብሎ ሰጠኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጠመኔ ይዤ ነው የሸበትኩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አራት ጓደኛሞች አሉ። ማርቲን ታሪክ፣ ቶሚ ስፖርት፣ ፒተር ሙዚቃ፣ ኒኮላይ ሥነ ልቦና ያስተምራሉ። ኒኮላይ አርባ ዓመት ሲሞላው እራት ይወጣሉ። እዚያ ማዕድ ላይ ኒኮላይ አንድ ወሬ ያነሳል፦ ፊን ስኮርደሩድ የሚባል ኖርዌያዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ይጎድለዋል ብሏል ይላቸዋል። እንግዲያው ጉድለቱን እንሙላ ተባባሉ። በሥራ ሰዓት ይጠጣሉ። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ የለም፣ ቅዳሜና እሑድ የለም። በትንፋሽ መለኪያ ይለካሉ፣ ውጤቱንም እንደ ጥናት ይጽፉታል። ጥናት ከተባለ ደግሞ የማይፈቀድ ነገር የለም። አበል ቢኖረውማ እኛም ትምህርት ቤት ተመዝጋቢው ብዙ ነበር።

ከፊልሙ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን ያ እራት ነው። ማርቲን መኪና ይዞ ስለመጣ ውሃ ነው የሚጠጣው። የሚጫወተው ማድስ ሚኬልሰን ነው፤ ፊቱ ላይ ብዙ ነገር ሳያደርግ ብዙ ነገር የሚያሳይ ሰው። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ስለ ወይኑ ያወራሉ። እሱም ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አይደርስም። ከዚያ አንዷን መለኪያ ያነሳል። ደግሞ ወይኑን። ዓይኑ እንባ ያቀራል። ጓደኞቹ ሳቃቸውን ያቆማሉ። ምን ሆነሃል ይሉታል። እሱ ይህን ያህል የሚናገረው የለውም። ከሚስቱ ጋር ብዙም እንደማይተያይ፣ ሰው እንደማያገኝ፣ ያን ያህል የሚሠራው ነገር እንደሌለ ይነግራቸዋል፤ ያውም እያፈረ።

እዚህ ላይ አቁሜ አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች እኮ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚውሉት። በየቀኑ አንድ መምህራን ክፍል ይገባሉ። ማርቲን እንዲህ መሆኑን ግን አያውቁም። መተያየትና መገናኘት ለየቅል ነው። የኛም ስታፍ ያው ነው። ደብተር ተከምሮ፣ አንዱ ያርማል፣ አንዱ ስልኩ ላይ ቲክቶክ ይገፋል፣ አንዷ ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ ትላለች። ደህና ነሽ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን። ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ወደ ክፍሉ ይሄዳል። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ ቤት ምን እንዳለ አላውቅም። እሱም የኔን አያውቅም።

ስለዚህ ፊልሙን ስለ መጠጥ ነው ብለው የሚያወሩትን አልቀበላቸውም። አራት ወንዶች ማምሻውን ሰብሰብ ብለው ለመቀመጥ ሰበብ ጠፍቷቸው ነው። ናፍቀኸኛል ማለት አይችሉም። ጥናት እናድርግ ግን ይችላሉ።

እናቴ ይህ ችግር የለባትም። በወር በወሩ በ21 የማርያም ማኅበር አላት። ማኅበርተኛው በየተራ ይደግሳል፤ ዳቦው ይደፋል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ተረኛው ጽዋውን ተሸክሞ ሲወጣ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አብሮት ወጣ ማለት ነው። ደስ አለኝ አላለኝም የለም። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይናገራል። አንድ ጊዜ እናቴ ከአንዲት ማኅበርተኛ ጋር በአጥር ነገር ተኳርፋ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ዓመት የማይነጋገሩ ሰዎች፣ በ21 ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ለሌላዋ ቆሎ ስታቀብል አይቻለሁ። ፊታቸውን አዙረው፣ ግን ያቀብላሉ። ክረምቱ ሳይወጣ ታረቁ።

እኛ ያለን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ፔዳ ግቢ ስንማር አንድ ዶርም የነበርን አራት ሴቶች ነን። አንዷ ባንክ ገባች፣ አንዷ ማስተማሩን ትታ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ከፈተች፣ አንዷ ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ ሄደች፣ እኔ ጠመኔ ላይ ቀረሁ። ያኔ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወርደን ለአራት አንድ ቆሮሶ አሳ እናዝዝ ነበር። አስተናጋጁ አምርሮ ይጠላን ነበር። አሁን ለአራት አራት ማዘዝ እንችላለን፣ ግን አንገናኝም። ማታ ማታ መውጣት ከቀረ ቆይቷል፣ ልጅ አለ፣ ቱቶሪያል አለ፣ እናት ታማለች። ግሩፑ ላይ አበባ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» ይላካል፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ያጋጠመ ምልክት ይመልሳል፣ አለቀ። በአካል የተገናኘነው ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠምን ከጀርባ ሰው እስኪገላምጠን ድረስ ሳቅን። ሟቹ አጎቴ ነበሩ፣ ሳቅ ይወዱ ነበር፣ አይቀየሙም።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። አስቂኝ ነው፣ ከልብ ያስቃል። ማርቲን ሞቅ ብሎት ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን ከሦስት ሰዎች ማንን ትመርጣላችሁ የሚልበት ቦታ አለ። ስም አይጠራም፣ ጠባያቸውን ብቻ ይነግራቸዋል። ሁለቱ ጠጪና ብዙ ጉድ ያለባቸው ናቸው፤ ሦስተኛው የማይጠጣ፣ እንስሳ የሚወድ ጨዋ። ጨዋውን ይመርጣሉ። ሂትለር ነው። የጣሏቸው ሩዝቬልትና ቸርችል ናቸው። እኔም ክፍል ውስጥ ሞከርኩት፣ ያለ መጠጥ ማለቴ ነው። ጂኦግራፊ ሆኖ ምን አገናኘው አትበሉኝ፤ ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። የኔዎቹም ሂትለርን መረጡ። አንዱ ብቻ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ አራተኛ የለም?» አለኝ።

አስተማሪነቴ የተቆጣበት ቦታም አለ። ፒተር ፈተና የሚፈራ ተማሪውን አረጋጋለሁ ብሎ መጠጥ ያቀምሰዋል። ልጁ ያልፋል፣ ፊልሙም ይሄን በፈገግታ ያልፈዋል። በዴንማርክ ያኔ 16 ዓመት የሞላው ልጅ ቢራ መግዛት ይችል ነበር፤ እዚያ ሆነው ሲያዩት ነገሩ ላይከብድ ይችላል። በኛ አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። አዋጁም ባይኖር፣ ግቢ በር ላይ ምን እንደሚሸጥ ለሚያውቅ አስተማሪ ያ ትዕይንት አያስቅም።

ደግሞ መጠጡ ዝም ብሎ አይቀመጥም። 0.05 አይበቃም፣ ይጨምራሉ። ማርቲን ደጅ ወድቆ ፊቱ ደም በደም ሆኖ ይገኛል፣ ትዳሩ ይፈርሳል። ኒኮላይ አልጋ ላይ ይሸናል፤ ያውም ሕፃናት ልጆች እያሉት። ሦስቱ ያቆማሉ። ቶሚ ማቆም አቃተው። ቶሚ ብቸኛ ነው፣ ያለችው አንድ ያረጀች ውሻ ናት። ማንም በቡድኑ የማይመርጠውን ባለ መነጽር ትንሽ ልጅ ኳስ የሚያለማምድ ደግ ሰው ነው። አንድ ቀን ሰክሮ ውሻዋን ይዞ በጀልባው ወደ ባሕር ይወጣል። ሲሰምጥ አያሳዩንም። ቀጥሎ የምናየው ቀብሩን ነው። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ይህ በቂ ነው፤ ውሃ የወሰደው ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ማሳየት አያስፈልግም።

ጥናቱ ማርቲንን ሰው አደረገው፣ ቶሚን ገደለው። ፊልሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል። ንስሐ ግቡ አይልም፣ ጠጡም አይልም። ይሄን ወደድኩለት።

ከቀብር በኋላ ሦስቱ ምሳ ላይ ሳሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ተመራቂዎች በጭነት መኪና እየጨፈሩ ወደቡ ላይ ይደርሳሉ። ማርቲን መሀላቸው ገብቶ ይጨፍራል። ሚኬልሰን ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የሠለጠነ ዳንሰኛ ነበርና፣ ያ ጭፈራ የወጣለት ነው። መጨረሻ ላይ ሮጦ ወደ ውሃው ይዘላል፣ ፊልሙም እሱ አየር ላይ እንዳለ ያልቃል። ደስታ ይሁን እብደት መለየት አልቻልኩም። በኋላ ሳነብ፣ ቀረጻው በተጀመረ በአራተኛው ቀን የዳይሬክተሩ ልጅ ኢዳ በመኪና አደጋ መሞቷን አወቅሁ። 19 ዓመቷ ነበር፤ የማርቲንን ልጅ ሆና ልትጫወት ነበር። ፊልሙ ለእሷ መታሰቢያ ነው። ከፊሉን የቀረጹትም እሷ በተማረችበት ክፍል፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጭፈራውን መልሼ አየሁት። ልጁን የቀበረ አባት ሰዎች ሲጨፍሩ እየቀረጸ እንዴት እንደቆመ አሁንም አይገባኝም።

ፊልሙን ለባለሱቋ ላክሁላት። የመለሰችልኝ የድምፅ መልእክት ከፊልሙ ይረዝማል። «አንቺ፣ እነዚህ ሰካራሞች ናቸው ያስለቀሱሽ? ሚስትየዋ ሌሊት ስትሠራ አድራ ትገባለች፣ እሱ አሰልቺ ሆኛለሁ ወይ ይላታል! እሷ ማንን ትጠይቅ? የእሷ ጓደኞች የታሉ? ለእሷ እራት የሚጋብዝ የለም?» እውነቷን ነው። የማርቲን ሚስት አኒካ በፊልሙ ውስጥ ቤትና ሥራ ብቻ ናት። እኔ የማርቲንን ፊት ሳይ እሷን ዘልያት ሄጃለሁ። ባለሱቋ ግን ሱቅ ቆማ፣ ደንበኛ እያስተናገደች፣ በስልክ ስክሪን ዓይታ አላለፈቻትም። ተከራከርን። ስለ ቶሚ ደረቅ አለችብኝ፤ ቆይታ ግን «ውሻዋ አሳዘነችኝ» አለች።

በዚሁ ሞቅታ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር እንገናኝ»። ባለሱቋ «እመጣለሁ፣ ጾም ስለሆነ አሳ አልበላም፣ አሳ ጾም ነው የምትል ካለች ደግሞ አስረዳታለሁ» አለች። የአዲስ አበባዋ የሚያለቅስ ፊት ላከች። የባንኳ ሠራተኛ «በምን ምክንያት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በምንም» አልኳት።

ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ምን ሆነሻል? ምርመራ ሄድሽ እንዴ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው አልኳት። አላመነችኝም። ከሥራ አስፈቅዳ ዓርብ ቤት ድረስ መጥታ ልታየኝ ነው። ቅዳሜም ትመጣለች፤ እንደ ሁኔታዬ።