ከጣሳው ሥር ያለው ቀን

ሜሪላንድ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብተህ ቢራ ይዘህ መውጣት ዘበት ነው። የድሮ ፈቃድ ካላቸው ጥቂቶች በቀር ሕጉ አይፈቅድላቸውም። እኔ የምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ለየት ይላል። የአልኮል ጅምላ ሻጩ ራሱ ካውንቲው ነው። ስለዚህ ክራፍት ቢራ፣ ማለትም ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩትን ቢራ፣ የሚወድ ሰው እዚህ ሰፈር ሁለት ነገር ይለምዳል። መዞርን፣ ከዚያ ደግሞ ጣሳ ገልብጦ ከሥሩ የታተመውን ቀን ማንበብን።

ቀኑ ዋናው ነገር ነው። ለቢራ ምሬትና መዓዛ በሚሰጠው አበባ፣ በሆፕስ የተሞላ አይ.ፒ.ኤ. የሚባለው የቢራ ዓይነት ወይን አይደለም፤ ቢቀመጥ አይሻሻልም። ሙቀትና ኦክስጅን መዓዛውን ይበሉታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ የብርቱካንና የማንጎ ሽታ ጠፍቶ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ይቀራል። ዋጋው ግን ከመደርደሪያው ላይ ንቅንቅ አይልም።

እናም በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሚሆንበት ሰሞን፣ ቢራው ከሚጠመቅበት ደጃፍ ድረስ ሄጄ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ቦስተን የአክስቴ ልጅ አለችልኝ። ጴንጤ ናት፤ አልኮል አትቀምስም። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ከእሷ የተሻለ ሾፌር ከየት ይመጣል? እሷም የራሷ ዓላማ ነበራት፤ ቅጠል ፎቶ ማንሳትና የቨርሞንት ሜፕል ሽሮፕ መግዛት።

ቦስተን እንደደረስኩ በመጀመሪያው ምሽት ተናደድኩ። ከቤቷ አጠገብ ወዳለ የመጠጥ ሱቅ ገባሁ። ልጁ መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። «የሌላ ስቴት አንቀበልም» አለ። ጢሜ ሸብቷል። የሚፈለገው 21 ዓመት ነው። እኔ 21 የሞላኝ ይሄ ልጅ ሳይወለድ ነው ብል ማን ይሰማኛል? በኋላ እንደገባኝ ነገሩ የእሱ ክፋት ብቻ አይደለም። ያኔ የማሳቹሴትስ ሕግ ሻጩ አምኖ ቢቀበላቸው የሚከላከሉለትን መታወቂያዎች ይዘረዝር ነበር፦ የራሱ የስቴቱ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ የወታደር መታወቂያ። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ፈሪ ሻጭ ይመልስህ ነበር፤ ደፋር ሻጭ ይሸጥልህ ነበር። ፓስፖርቴ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ትንሽ አልፎ ያለው ሱቅ ሸጠልኝ። የእሱ ጉድ ሌላ ነው። አራት ጣሳ የያዘው እሽግ 19 ዶላር ከ99 ይላል። እኔ ለመቅመስ አንድ ብቻ ነጥዬ ወሰድኩ። ደረሰኙ ላይ 6 ዶላር ከ75 መጣ፤ ባዶ ጣሳውን ስትመልስ የሚመለሰው መያዣ 5 ሳንቲም ለብቻው። አራቱን በነጠላ ብገዛ 27 ዶላር ልከፍል ነው ማለት ነው። ብጠይቀው «በነጠላ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። ጣሳውን ገለበጥኩት፤ ሦስት ወር አልፎታል። የቆመውም ፍሪጅ ውስጥ አይደለም፣ መስኮት ሥር ነው።

«ለአንዲት ጣሳ ሰባት ዶላር?» አለች የአክስቴ ልጅ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነክቶሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ቢራው እንደፈራሁት ካርቶን ካርቶን አለ።

በማግስቱ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ቻርልተን ደረስን። ትሪ ሃውስ የሚባለው ጠመቃ ቤት ከ2017 ጀምሮ እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ቢራውን ለአከፋፋይ አይሰጥም። መጠጣት የፈለገ ከራሱ ቦታዎች ወደ አንዱ ይመጣል። ሰዉ በጋሪ ካርቶን እየገፋ ሲወጣ ላየ ሲሚንቶ መደብር የገባ ይመስለዋል።

ይሄ አሠራር ለምን እንደሚያዋጣ ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካ አልኮል የከለከለችበት ዘመን በ1933 ሲያበቃ አብዛኛዎቹ ስቴቶች ንግዱን በሦስት እርከን ከፋፈሉት። ጠማቂው ለአከፋፋይ ይሸጣል፣ አከፋፋዩ ለሱቅ፣ ሱቁ ለአንተ። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ትርፍ ይጨምራል፤ እያንዳንዱ መጋዘን ደግሞ ቀን ይበላል። ለትንንሽ ጠማቂዎች ብዙ ስቴቶች በደጃፋቸው እንዲሸጡ በር ከፍተውላቸዋል። ታዲያ ደጃፍ ላይ ቢራው ይረክሳል ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ አይረክስም። የአከፋፋዩና የባለሱቁ ድርሻ ወደ ጠማቂው ኪስ ይገባል እንጂ ወደ እኔ አይመለስም። እኔ የማገኘው ቀኑን ነው። ከቻርልተን የገዛሁት ጣሳ ከታሸገ ሳምንት አልሞላውም። ያንን ሲያዩ ዋጋው ብዙም አይቆረቁርም።

ቨርሞንት የገባነው ሲመሽ ነው። የቅጠል ሰሞን ስለሆነ ሞቴሉ ዋጋውን ሰቅሎታል፤ ከታክስ በፊት 189 ዶላር። ለዚህ ገንዘብ ያገኘሁት ማሞቂያ ሲነሳ እንደ ትራክተር ይጮሃል፣ ሲጠፋ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ ሲነሳና ሲጠፋ አነጋ። ምንጣፉ የእርጥብ ውሻ ሽታ አለው። ፍሪጅ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ሁለት ፍሪጅ አለኝ፣ አንዱ ለቢራ ብቻ። እዚህ ግን ጣሳዎቼን በካርቶን አድርጌ መስኮቱ ደፍ ላይ ከውጭ ደረደርኳቸው። ከኔ ይልቅ እነሱ በምቾት አደሩ። የአክስቴ ልጅ ከጎን ክፍል ወጥታ «እንዴት ያለ ጥሩ እንቅልፍ!» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ስቶው ከተማ ውስጥ ያለው አልኬሚስት የተባለው ጠመቃ ቤት የዚህ ሁሉ ጉዞ ሰበብ ነው። ሄዲ ቶፐር የሚሉት ቢራቸው 8 በመቶ አልኮል አለው። ታሪኩ ከማሸጊያው ጋር የተያያዘ ነው። ባልና ሚስት ሆነው በ2003 ዋተርበሪ ከተማ ውስጥ ቢራ እየጠመቁ የሚሸጡበት መጠጥ ቤት ከፈቱ። በ2011 አይሪን የተባለው ማዕበል መጣና መጠጥ ቤቱ በጎርፍ ተዋጠ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እዚያው ከተማ ሲያዘጋጁት የከረሙት ትንሽ ማሸጊያ ቤት የመጀመሪያዎቹን ጣሳዎች አወጣ። መጠጥ ቤቱ ሲሞት ጣሳው አዳናቸው። ለረጅም ጊዜ ቢራው ከቨርሞንት አይወጣም ነበርና ሰው ከየስቴቱ እየነዳ መጣ። ስቶው ያለውን ይህን ትልቅ ቤት የከፈቱት በ2016 ነው።

ጣሳው 16 አውንስ ነው፤ 473 ሚሊ ሊትር። አፉ ዙሪያ «ከጣሳው ጠጣ» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ምክንያታቸው መዓዛው ብርጭቆ ውስጥ ቶሎ ይበተናል የሚል ነው። የአክስቴ ልጅ ይሄን ስታነብ ሳቀች። «ይሄን ሁሉ ከፍለህ ብርጭቆ እንኳ አይፈቅዱልህም?»

ዋተርበሪ አጠገብ ካለች የገጠር ሱቅ ያገኘኋት ሴትዮ ግን ከጉዞው ሁሉ ትበልጥብኛለች። ሱቋ ውስጥ ዓሣ ማጥመጃ፣ ዳቦ፣ ጓንት፣ ቢራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ቨርሞንት ውስጥ እንዲህ ያለ ሱቅ ቢራ መሸጥ ይችላል። ፍሪጁ ፊት ቆሜ ጣሳ ስገለብጥ አየችኝ። «እሱን ተወው» አለችኝ። ወደ ጓዳ ገብታ ያን ጠዋት የወረደ ካርቶን ይዛ መጣች። የትኛው ጠመቃ ቤት በየትኛው ቀን እንደሚያመጣላት በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ለመንገድ ብላ ጠንካራ ካርቶን ከመሃል ማገጃው ጋር ሰጠችኝ። አራቱ 15 ዶላር ከምናምን፤ ከቦስተኑ ባለ መስኮት ሱቅ አምስት ዶላር ያህል ያንሳል። የአክስቴ ልጅም ሽሮፗን እዚያው ገዛች።

መንገድ ላይ ያገኘነው አንድ ትንሽ ጠመቃ ቤት ደግሞ ትምህርት ቤት ሆነልኝ። ልጁ በማሸጊያው ማሽን አጠገብ ቆሞ ስለ ጣሳ አወራኝ። ድሮ ጥሩ ቢራ በጠርሙስ ነበር የሚታሰበው። በ2002 ኮሎራዶ ውስጥ ኦስካር ብሉዝ የተባለው ትንሽ ጠመቃ ቤት ቢራውን በጣሳ ማሸግ ሲጀምር ብዙ ሰው ስቆበት ነበር። ጣሳ ግን ብርሃን አያስገባም። ብርሃን ሆፕሱን ሲነካው መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ አረንጓዴ ጠርሙስ ደግሞ ከቡናማው የባሰ ነው። ጣሳ ይቀላል፣ አይሰበርም፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ችግሩ ሕትመቱ ነው። ትልቁ የጣሳ አምራች ቦል ከ2022 ጀምሮ በላዩ ላይ ለታተመ ጣሳ ዝቅተኛውን ትእዛዝ ለአንድ ዓይነት ወደ አንድ ሚሊዮን ጣሳ ገደማ ከፍ አደረገው። በወር ጥቂት በርሜል የሚጠምቅ ሰው ሚሊዮን ጣሳ የት ያስቀምጣል? ስለዚህ ባዶውን ብርማ ጣሳ ይገዛና ተለጣፊ ወረቀት ያደርግበታል፤ ወይም ፕላስቲክ ያለብሰዋል። በ2025 ደግሞ ከውጭ በሚገባ አሉሚኒየም ላይ ቀረጡ 50 በመቶ ደረሰ። «አራቱን ከላይ የሚይዘው ፕላስቲክ እንኳ በነጻ አይመጣም» አለኝ። ያንን ፕላስቲክ እኔ ሁልጊዜ እጥለው ነበር። እነሱ ፕላስቲኩ የሚሰበሰብበት ሳጥን በር ላይ አላቸው፤ ሰው ይመልሰዋል፣ እንደገና ይጠቀሙበታል።

ኒው ሃምፕሻየርን በእንቅልፍ አለፍኳት። የሽያጭ ታክስ እንደሌለ ብቻ አውቃለሁ።

ሜይን፣ ፍሪፖርት ላይ የአክስቴ ልጅ ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነው ኤል.ኤል. ቢን የተባለ መደብር ውስጥ ገብታ ጠፋች። እኔ ሜይን ቢር ካምፓኒ የተባለ ጠመቃ ቤት ሄድኩ። በ2009 የተመሠረተ ነው። ሁሉም ወደ ጣሳ ሲሮጥ እነዚህ ግማሽ ሊትር ጠርሙሳቸውን አልለቀቁም። ነጭ ወረቀት፣ ትንሽ ሥዕል፣ የታሸገበት ቀን፤ አለቀ። ላንች የሚባለውን አይ.ፒ.ኤ. በ7 ዶላር ገደማ ወሰድኩ። ቆርኪው ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ስለ ጣሳ የሰማሁትን ሁሉ ለጊዜው አስረሳኝ።

ፖርትላንድ ላይ የጠበቅኩት ሌላ፣ ያስደሰተኝ ሌላ ሆነ። አላጋሽ ከ1995 ጀምሮ እዚህ ከተማ በስንዴ፣ በድንብላልና በብርቱካን ልጣጭ ነጭ ቢራ ይጠምቃል። ጣሳ የጀመረው በ2019 ነው። ጠመቃ ቤቱ ጋ ሄጄ ወረፋ ልይዝ ስል የአክስቴ ልጅ ውኃ ልትገዛ ሱፐርማርኬት ገባች። ተከትያት ገባሁ። እዚያው፣ ከወተቱ ማዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድሯል። ቀኑ ትኩስ፣ ዋጋው ደጃፍ ላይ ከሚሸጡት ብዙ የማይርቅ። ከሜሪላንድ የመጣ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆሞ በቢራ ፍሪጅ ፊት ፎቶ ሲነሳ ሰዉ ምን እንዳለ እንጃ። እኔ አፍሬም አላውቅ።

ከመመለሳችን በፊት ባዶዎቹን ሰብስበን መያዣ ወደሚመለስበት ማዕከል ወሰድን። አዲስ አበባ ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ ሳጥን ቢራ ሊገዛ ሄዶ ለተመለሰ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣሳው ክዳን ላይ የስቴቶቹ ስም በአጭሩ ተቀርጿል፤ አጠገቡ 5 ሳንቲም ይላል። ሠራተኛው ግን «እዚህ ነው የተገዛው?» ብሎ ጠየቀ። ከቨርሞንትና ከማሳቹሴትስ ነው አልኩ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሜይን ሌላ ስቴት ለተገዛ አትከፍልም፤ ሆን ብሎ ማምጣትም ሕገወጥ ነው። ሜይን ውስጥ ግን የውኃ ፕላስቲክም መያዣ አለው። የአክስቴ ልጅ ስትጠጣ የዋለችው ውኃ ሁሉ ተቆጠረላት። ሳንቲሟን ይዛ እየሳቀች ወጣች። የኔ ጣሳዎች ወደ መኪናው ተመለሱ።

ቦስተን አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣዬ ተመዘነ። አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች ለሆነ መጠጥ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ የመጠን ገደብ የለም። የአየር መንገዱ የክብደት ገደብ ግን 50 ፓውንድ ነው። ጣሳዎቹን በካልሲና በሹራብ ጠቅልዬ ነበር፤ 52 መጣ። ለትርፉ የሚጠየቀው ክፍያ ከቢራው ይበልጣል። በእጅ ይዤ እንዳልገባ ፈሳሽ አያሳልፉም። ሁለት ሄዲ ቶፐር አወጣሁና ሳትሄድ ለቆመችው የአክስቴ ልጅ ሰጠኋት።

«ለማን ትሰጫቸዋለሽ?» አልኳት።

«ለማንም» አለች። «ጸጉሬን እታጠብባቸዋለሁ። ቢራ ለጸጉር ጥሩ ነው ይባል የለ?»