ከላይብረሪው ጀርባ ያለው ግንብ

ፋይናል ሳይጀምረን ይቺን ልጻፍና ልገላገል ብዬ ነው፣ ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ። ግቢ ውስጥ ተማሪ አርፎ የሚቀመጥበት ቦታ ጉዳይ። ስለ ተማሪ ጭንቀት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የካውንስሊንግ ቢሮ ነው፣ እሱ ያስፈልጋል፣ በጣም ያስፈልጋል፣ ግን ሰው ቢሮ አንኳኩቶ ከመግባቱ በፊት እኮ ብቻውን ሆኖ ትንሽ የሚተነፍስበት ቦታ ይፈልጋል። ዶርም ውስጥ አንዷ ስትተኛ አንዷ ስልክ ታወራለች፣ ሌላዋ ፀጉር ትሠራለች፣ እወዳቸዋለሁ እህቶቼ ናቸው፣ ግን እዛ ማልቀስም ማሰብም አይቻልም፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ከተኛሽ ወዲያው “ምን ሆነሽ ነው?” ይመጣል። ላይብረሪ ደግሞ ሳታነቢ ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ የሰው ቦታ የያዝሽ ነው የሚመስልሽ።

እና እኛ ያለችን ከላይብረሪው ጀርባ ያለችው የድንጋይ ግንብ ናት። ማንም ለመቀመጫ ብሎ አልሠራትም፣ አፈሩ እንዳይናድ የተሠራች አጭር ግንብ ናት፣ ግን ፊቷ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ስትጠጣ ትውልና አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የኛ የደጋ ብርድ ሲጀምር፣ ድንጋዩ ገና ሙቅ ነው። ጀርባሽን ስታስደግፊ ሙቀቱ በጃኬትሽ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። ከላይ ሁለት ትልልቅ ግራቪሊያዎች አሉ፣ ቅጠላቸው ደብተር ላይ ይረግፋል። አንዲት የነርሲንግ ልጅ ሁሌ እዛ ናት፣ በእስክሪብቶ የሰው እጅ ብቻ ነው የምትስለው፣ ሲያፈስ፣ ሲይዝ፣ ሲያጨበጭብ። አንድ የሲቪል ልጅ ደግሞ የላብ ማኑዋሉ ጀርባ ላይ ግጥም ይጽፋል። እኔም ባለፈው ሴሚስተር ያቀረብኩት አጭር ልቦለድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዛው ነው የተጻፈው፣ ዶርም ውስጥ አንድ መስመር እንኳን አልሆነልኝም።

ይሄን ነገር ለፋሲካ ቢቸና ስሄድ ለአጎቴ አወራኋቸው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ሳቅ አሉና “ታዲያ ቅኔ ቤት ውስጥ ይቆጠራል እንዴ አንቺ ልጅ?” አሉኝ። ከዛ ጀመሩልኝ። ዲማ በሉት ዋሸራ በሉት ጎንጅ፣ የጎጃም ቅኔ ቤት ሁሉ ሥርዓቱ ያው ነው ይላሉ፣ ተማሪው ቆጠራ ይወጣል፣ ቅኔውን በሐሳቡ ሊያዘጋጅ ማለት ነው፣ ዛፍ ስር ወይ ሜዳ ላይ ለብቻው ይሆናል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚያልፍ ሰው ቆጠራ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ አያናግረውም፣ ሰላም ባይለውም አይቀየመውም። ማታ ላይ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ እሳቸው ያርሙታል። ጀማሪው ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭሩን ቅኔ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ቤት ብቻ ናት። እንግዲህ ለሁለት መስመር ብሎ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ስር የዋለን ልጅ “ሥራ ፈታህ” የሚለው አልነበረም ማለት ነው። ይሄ በጣም ነው የነካኝ። ዛሬ ግንቡ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ብትቀመጪ ወይ ዘበኛ ወይ አስተማሪ “ክላስ የለሽም?” ማለቱ አይቀርም።

አጎቴ በልምድ የሚያውቁትን በጥናት ያዩትም አሉ። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ጥናት አለ፣ አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሐሞት ከረጢታቸውን ቀዶ ጥገና የተደረጉ ሰዎችን ነው ያየው፣ 23ቱ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ፣ 23ቱ የጡብ ግድግዳ የሚያዩ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። መስኮት ብቻ እኮ ነው! ስታንፎርድ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አለ፣ ሰው እየተራመደ ሲያስብ አዳዲስ ሐሳብ የማፍለቅ አቅሙ በአማካይ 60 ፐርሰንት ያህል ጨመረ ይላል፣ የሚገርመው ባዶ ግድግዳ ፊት ትሬድሚል ላይ ለተራመዱትም ሠርቷል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ለዛፍ አልሰጥም፣ እርምጃው ራሱ የሚያደርገው ነገር አለ፣ ያ ወዲያ ወዲህ የሚለው የቅኔ ተማሪም ሁለቱን አንድ ላይ ነበረ ያገኘው።

ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ ሲጨንቃቸው ጣና ዳር ይወርዳሉ፣ እቀናባቸዋለሁ። እኛ ሐይቅ የለንም፣ ሐይቅ አምጡልንም አላልንም። አሁን እዛ ግንቡ ጋ አዲስ ብሎክ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ አለ። ክላስ ይጠበናል፣ አውቃለሁ፣ ብሎኩ አይሠራ ማለት አልችልም። ግን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቢሠራስ? እነዛ ዛፎች ከተቆረጡ፣ ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል ቢባልም፣ አሁን የሚተከለውን ጥላ የሚያገኙት ከኛ በኋላ የሚመጡት ናቸው።

ሐሙስ የተማሪ ኅብረት ስብሰባ አለ፣ እጄን አወጣለሁ። የምጠይቀው ብዙ ብር የሚፈጅ ነገር አይደለም። ግንቡ ይቅርልን፣ እስከ ስፖርት ሜዳው በጭቃ የማይያዝ የእግር መንገድ ይሠራልን፣ መንገዱ ላይ መብራት ይኑር። መብራቱን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም አሁን አንድ ሰዓት ሲል ወንዶቹ እየተንሸራሸሩ ይቀራሉ፣ እኛ ሴቶች ደብተራችንን ሰብስበን ወደ ዶርም እንሮጣለን፣ የጀመርነው ሐሳብም እዛው ይቋረጣል። ነርሲንጓን ልጅ አብረሽኝ ነይ ብያታለሁ፣ ስዕሎቿንም ይዛ ትመጣለች።